የታጠበው ቀስት

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል፤ ቆርቆሮ እየሸጠ ቀስት የሚለቅም ግን ሙሴ ብቻ ነው። ገበሬው ቡናውን ሸጦ፣ የሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ ሊያለብስ ሲመጣ ሌላው ነጋዴ ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል። ሙሴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አሮጌው ቤት ነው። ቆጡ ላይ ምን አለ? አባትህ ያድኑ ነበር? ከምድጃው በላይ የተሰካ፣ ጥላሸት የጠጣ ቀስት አላየህም? ገበሬው እንዲህ ያለ ነገር ከነጋዴ አፍ ስለማይጠብቅ ይስቃል። ቤቱን ሲያፈርስ ግን ትዝ ይለዋል፤ ቀስቱን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣል፤ ሙሴም የቆርቆሮ ሚስማር መርቆ ይሸኘዋል። ሁለቱም አተረፍኩ ብለው ይለያያሉ።

በዚህ ዓይነት ከማጂ መንገድም፣ ከቴፒም፣ ከማሻ በኩልም የመጣ ቀስት የሙሴን ሳሎን ሞላው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነበረው፤ የቀርከሃ ነበረው፤ ስሙን እንኳ የሚያውቅ የጠፋ የጫካ እንጨት ነበረው፤ የከብት ደም ሥር ለመውጋት ብቻ የተሠራ፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል ትንሽዬም ነበረው። ሚስቱ ትርፌ ቡፌዋ ለቀስት ቦታ ለቆ ጓዳ ሲገባ ዝም አለች፤ ከበሩ በላይ የሰቀለችው ጥቅስ ለቀስት ቦታ ሲለቅ ግን ዝም አላለችም። ሰው ቤት የእግዚአብሔር ቃል ይሰቀላል፣ እኔ ቤት የሰው ዱላ ይሰቀላል እያለች ለጎረቤት ስታማው ከረመች። ሙሴ አልሰማትም። ከዩኒቨርሲቲው መምህራን እየመጡ ፎቶ ያነሱለታል፤ የውጭ አገር ሰው ካለፈም ወደ እሱ ይላካል፤ በከተማው ስሙ «የቀስቱ ሙሴ» ሆኗል። ሲጠሩት ደስ ይለዋል፤ ደስ ማለቱን ለመደበቅም አልተቸገረም።

ከዚያ ሁሉ ቀስት መካከል ግን የገዛ አባቱ ቀስት የለም። እንግዳ ዞር ዞር ብሎ እያየ «የአባትህ የትኛው ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ሙሴ ሻይ እንዲመጣ ያዛል።

አባቱ በአገሩ በቀስት የታወቁ ሰው ነበሩ። አገሩ ሩቅ አይደለም፤ ከሚዛን በማጂ መንገድ ወጥቶ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ጫካው ገባ ብሎ ነው። በቆሎ በሚደርስበት ወቅት ማሳው ዳር ማማ ላይ ተቀምጠው ዝንጀሮና ከርከሮ የሚመልሱት በአንድ ቀስት ነበር። የሳቱበትን ቀን የሚያስታውስ የለም ይባላል፤ ሙት ሲወራለት መቼም ስቶ አያውቅም። ሙሴ ልጅ ሳለ አንድ ቀን ቀስቱን አንሥቶ ሊስብ ሞከረ። ጅማቱ ንቅንቅ አላለም። አባቱ ከማማው ላይ ሆነው አይተውት ሳቁና «ላንተ እስክሪብቶ ይሻልሃል» አሉት። ይህን ቃል ሌላ አባት ቢናገረው ምርቃት ነበር። የእሳቸው ምርቃት እንዳልነበረ ሙሴ ያኔውኑ ገብቶታል፤ ታላቅ ወንድሙ ባምላኩ ወዲያው ቀስቱን ከእጁ ወስዶ እስከ ጆሮው ስቦ አሳይቶታልና።

እስክሪብቶው ወደ ሚዛን አመጣው። ትምህርት ቤት ሲገባ የከተማ ልጆች አጠገቡ ሲቀመጡ አፍንጫቸውን ያዙ። ጭስ ጭስ ትላለህ አሉት። እውነትም ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ በሣር ቤት ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሙሴ ያለችውን አንድ ሸሚዝ ኮሌታዋ እስኪበጣጠስ ወንዝ ወርዶ ያጥብ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የሚጨስ ነገር አይወድም። ሀብታም ሆኖ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ያሰበው ማዕድ ቤቱን ከሳሎን ማራቅ ነበር።

አባቱ ሊሞቱ ሲሉ ሽማግሌ ፊት ተናዘዙ። ሙሴ ከተማ አለው፣ ሱቅ አለው፤ ቀስቱ የባምላኩ ይሁን አሉ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ መሬቱን አርሶ፣ አባቱን ጦሮ የኖረው ባምላኩ ነው። ግን ትክክል ፍርድ የማያም መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ሙሴ አባቱን ቀብሮ ወደ ሚዛን ተመለሰ። የመጀመሪያውን ቀስት በሚስማር የለወጠው በዓመቱ ነው። የሌላ ሰው አባት ቀስት ነበር፤ ሁሉም የሌላ ሰው አባት ቀስት ነበሩ።

እንዲህ እያለ ሲኖር አንድ ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ባምላኩ ሱቁ ድረስ መጣ። የሣር ክዳኑ አርጅቷል፣ ያፈሳል፤ ሚስቱ ወለላ ደረቷን እያመማት ነው፤ ነርሷ ጭስና እርጥበት አይስማማሽም ብላታለች። የቡና ገንዘብ በመሐረብ ቋጥሮ ይዟል፤ ለግማሽ ቤት ይበቃ ይሆናል። ለቀረው ደግሞ ወንድሜ ይጨምርልኛል ብሎ ነው የመጣው። ይህን ሲናገር ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም፤ በዕድሜው ከታናሹ ለምኖ አያውቅም።

ሙሴ የቋጠረውን ወደ እሱ መለሰለት። የቤቱን ሙሉ ቆርቆሮ ከነሚስማሩ፣ ከነመኪናው እሰጥሃለሁ አለው። ቀጥሎም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣

«ገንዘብህን ያዝ፤ ቀስቱን አምጣልኝ» አለው።

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበረ። ባምላኩ መሐረቡን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በሳምንቱ ዝናቡ ሲጀምር ቀስቱን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ጥቁር ነበር፤ እንደ ድስት ቂጥ ጥቁር። ለሙሴ ሲያቀብለው አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤

«ጭስ አታሳጣው።»

ሙሴ ሳቀ። እዚህ ቤት ቫርኒሽ አለ ጋሼ፣ አታስብ አለው።

ባምላኩ የወጣ ዕለት ሙሴ በሩን ዘግቶ ቀስቱን ሳበው። ደጋኑ ጥቂት ጎበጥ አለና አሻፈረኝ አለ። ዳግመኛ ሞከረ፤ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፤ ጅማቱ ጣቱን ቆርጦት ተመለሰ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ የከተማው የታወቀ ነጋዴ፣ የአባቱን ሳቅ ከማማው ላይ እንደገና ሰማ። ያን ቀን ምሳውን አልበላም። ለትርፌ የነገራት ሆዴን አሞኛል ብሎ ነው።

ቅዳሜ ቀስቱን ግቢ አወጣና በዱቄት ሳሙና ያጥበው ገባ። ሌሎቹንም ሁሉ እንዲሁ አጥቧቸው ነበር። ጥቁር ውሃ በግቢው ወርዶ እስከ አጥሩ ሄደ፤ የአባቱና የአያቱ ምድጃ፣ የስንት ዘመን በቆሎ የተጠበሰበት እሳት ጥላሸት በአንድ ጠዋት ታጥቦ ቱቦ ገባ። ከሥሩ የማር መልክ ያለው እንጨት ወጣ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ ቫርኒሽ ቀባው። የቀባው ግን ፊቱን ብቻ ነው፤ ግድግዳ የሚነካውን ጀርባውን ማን ያየዋል ብሎ ተወው። ሌሎቹንም የቀባቸው እንዲሁ ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ደግሞ አላውቅም ነበር እንዳይል ያውቃል። እናቱ የዘር በቆሎ ከምድጃው በላይ ስትሰቅል አይቷል፤ ለምን እንደምትሰቅለውም ያውቃል፤ ጭስ ያልደረሰውን በቆሎ ነቀዝ ሲበላው፣ የደረሰውን ሲተወው እያየ ነው ያደገው። ግን በቆሎ በቆሎ ነው፤ ቀስት የሳሎን ጌጥ ነው። እንግዳ መጥቶ ሳሎኔ ጭስ ጭስ ይላል ከሚል ያን ሁሉ ዕውቀት ቢረሳ ይሻለዋል፤ ረሳውም።

የአባቱ ቀስት ከመሃል ተሰቀለ። እንግዳም ሲጠይቅ ሻይ ማዘዝ ቀረ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በዚህ መሃል ትርፌ አንድ ነገር ያሰለቻት ጀመር። ሳሎኑን ጠዋት ጠርጋ ከሰዓት ስትመለስ ግድግዳው ሥር እንደ በሶ የላመ ቢጫ ዱቄት ታገኛለች። ከኮርኒሱ ነው ብላ ኮርኒሱን አስጠገነች። አልቆመም። ለሙሴ ብትነግረው የመንገድ አቧራ ነው፣ መስኮት አትክፈቺ አላት። እሷም መጥረጓን ቀጠለች።

በሦስተኛው ዓመት ከተማው የባህል ቀን አከበረ። ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ሙሴም ቀስቶቹን እንዲያሳይ ተጠራ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አልብሶ ደረደራቸው፤ ፊታቸው በፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር። ድምፅ ማጉያ ተሰጠውና ስለ እያንዳንዱ ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ። ባምላኩም ከሰው መሃል ቆሞ ነበር፤ ወለላ ደረቷ ስለተሻላት አብራው መጥታለች። ሙሴ ወንድሙን ከሩቅ ለየው። ከዚያ ወዲህ የተያዩት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

በዚያች ሰዓት ሙሴ ያደረገውን ለጭብጨባ ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ያ ቀስት ከመጣ ወዲህ ሳሎኑ ውስጥ ቀና ብሎ ሊያየው እንዳቃተው እነሱ አያውቁም። የማይስበውን ቀስት ሰቅሎ መኖር ሰልችቶታል። ሰበብ ይፈልግ ነበር፤ ሰበቡ ሰው መሃል ቆሞ አገኘው። የአባቱን ቀስት አነሣና ወንድሙን በስሙ ጠርቶ ወደ መድረኩ አወጣው፤ ለሰዉም እንዲህ አለ፤

«አባታችን ይህን ቀስት ይስቡ ነበር። ዛሬ ወንድሜ ስቦ ካሳያችሁ፣ ቀስቱ ዛሬውኑ ከእሱ ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ባምላኩ ቀስቱን ተቀበለ። ከሁሉ በፊት ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው፤ ከዚያም ወንድሙን ቀና ብሎ አየውና ጥቂት ቆመ። ወለላ ከሰው መሃል ሆና ተው የምትል ትመስል ነበር። ባምላኩ ግን እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመና ቀስቱን ደገነ፤ ጅማቱን ወደ ጆሮው ሳበ። ትከሻው ዛሬም የአባቱ ትከሻ ነበር፤ ሙሴ ይህን አይቶ ቀናም፣ ኮራም።

ቀስቱ ከመሃሉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስባሪው የባምላኩን እጅ ቀደደው፤ ከስብራቱ ቢጫ ዱቄት ቦነነ። ከኋላ በኩል አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ለሙሴ የተሰማው ሳቁ ብቻ ነው። ከማማው ላይ የሚወርደው ያው የድሮው ሳቅ መሰለው። ሁሉም ወደ እሱ የሚያይ መሰለው። ድምፅ ማጉያው አሁንም በእጁ ነበር፤ ወንድማማቾች ለብቻቸው ሲሆኑ የሚነጋገሩት በቤንችኛ ነው፤ አሁን ግን ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ ተናገረ።

«አውቆ ነው የሰበረው! ከሰጠኝ ቀን ጀምሮ ከሆዱ አልወጣለትም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ባምላኩ ሁለቱን ስባሪ ነጩ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ የሚደማ እጁን በዚያው በቀድሞው መሐረብ አሰረ፤ ወለላን አስከትሎ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ምቀኛ ነው ያሉም ነበሩ፤ የታላቅ ክብር የሌለው ሽማግሌ ነው ያሉም ነበሩ። ማታውኑ ወሬው ገበያውን አዳረሰ።

ሙሴ ስባሪውን ይዞ ቤቱ ገባ። በመብራት ጠጋ ብሎ ሲያየው የእንጨቱ ሆድ ወንፊት ሆኗል። ፊቱ ላይ ቫርኒሹ ብቻ ነው የቀረው፤ ከጀርባው መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ በቀዳዳ። ሌሎቹንም ከጆንያ እያወጣ ገለበጣቸው። ያም ያው ነው፤ ያኛውም ያው ነው። የቴፒውን በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ሰረጎደ። ያቺ የከብት ማድሚያዋ ትንሽዬ እጁ ላይ ተፈረፈረች። ዱቄቱ ጉልበቱን ሞላው።

ትርፌ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ብዙ አየችው። ብትሳደብ ይሻለው ነበር።

«ለካ እስከ ዛሬ ስጠርግ የከረምኩት የሰው አባት ነው» አለች፤ መጥረጊያውን አስቀምጣ ገባች።

በማግስቱ ሙሴ ሞተር ተሳፍሮ በማጂ መንገድ ወጣ። ስባሪዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን በቤንችኛ ሲያዘጋጅ ቃላቱ እየጠፉበት ተቸገረ፤ ይቅርታ ከጠየቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ በዚያ ቋንቋማ ጠይቆ አያውቅም። ከሩቅ የወንድሙ ቤት ቆርቆሮ ከቡናው ጥላ መሃል አንጸባርቆ ታየው። ጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ አልሰሰተም።

ባምላኩ ከቤቱ ጀርባ ባለችው በሣሯ ማዕድ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አጭሩ በርጩማ ላይ እጁን በጨርቅ አስሮ ተቀምጧል። ወለላ ትልቅ ድስት ጎደሬ ጥዳ እሳቱን ታያለች። ሙሴን ስታይ ተነሥታ በርጩማዋን ለቀቀችለት፤ ደህና አደርክ አለችው፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ሙሴ ጋዜጣውን ፈታና ስባሪዎቹን መሬት ላይ አኖረ። ያን ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ወደ አራት ቃል ወረደ። ነቀዝ ነው፣ አጥቤው ነበር አለ።

«አውቃለሁ» አለ ባምላኩ። «ሳሸተው ሳሙና ሳሙና አለኝ።»

ሙሴ ካወቅህ ለምን ሳብከው፣ ለምን አታስቀምጠውም ነበር አለው፤ ድምፁ የቁጣ ይመስል ነበር። ባምላኩ የታሰረ እጁን ወደ ሌላው ጉልበቱ አዛወረና፣

«ወደ ቤቱ ይመለሳል አልክ እኮ» አለው።

ከዚህ በኋላ ሙሴ ብዙ ተናገረ። ለሰው ሁሉ እነግራለሁ፣ ገበያ መሃል ቆሜ እኔ ነኝ እላለሁ፣ ሽማግሌ እሰበስባለሁ አለ። ባምላኩ እስኪጨርስ ጠበቀው። ሰዉ እኮ ተበትኗል፣ ያን ሁሉ ሰው ከየት ትሰበስበዋለህ አለው፤ የተናገረው በቁጣ አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

ድስቱ ሥር ያለው እሳት መድከም ጀምሮ ነበር። ወለላ እንጨት ልታመጣ ስትነሣ ባምላኩ ተይ አላት። ስባሪዎቹን አንሥቶ አንዱን ጉልበቱ ላይ ሰበረው፤ ምንም አልከበደውም። ሌላውንም ሰበረ። ሙሴ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው፤ የማን ነው ብሎ ይከለክላል? ባምላኩ እንጨቱን አንድ በአንድ ከድስቱ ሥር ማገደው። ቫርኒሹ ቦግ ብሎ ነደደ፤ ሽታው ማዕድ ቤቱን ሞላው፤ ወለላ አሳላትና ወደ በሩ ሸሸች። ከዚያ ቫርኒሹ አለቀና እንጨቱ ብቻ ቀረ። ጭሱ ተነሥቶ ቆጡን ዳሰሰ፤ ቀስቱ ድሮ ተሰክቶ የነበረበትን ዓይነት ቦታ አልፎ በሣሩ መሃል ወጣ።

ጎደሬው ሲበስል ወለላ ኮባ ላይ አወጣችው። ባምላኩ በደህናው እጁ አንዱን ይዞ፣ ጣቶቹን እያቃጠለው ልጣጩን ገፈፈ። ለታናሹ አቀበለው።

«ብላ። አባታችን ያበሰሉት ነው።»

ሙሴ ተቀበለ። አንዴ ጎረሰ፤ አኘከ፤ ዋጠ። ባምላኩ እያየው ስለነበረ ሁለተኛ ጎረሰ። ዓይኑ ያነባ ነበር፤ ጭሱ ነው ቢል ያምኑት ነበር፤ ግን አላለም። ወለላ ከበሩ ተመልሳ ጨው አነሰበት እንዴ ብላ ጠየቀችው። አላነሰም አላት፤ የቀረውንም በላ።